የሌንሴ ኮድ ከሰበታ ሱሉልታ

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ጤና ጣቢያ የልጄን መድኃኒት ልቀበል ቆሜ ሳለ፣ ፋርማሲስቷ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ አየች። «ይሄኛው ጊዜው አልፏል፤ ሌላ ላምጣልዎት» አለችኝ። የኔ ሐሳብ ግን ሰበታ ገብቶ ነበር።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። የጤና ጣቢያዎቹን የመድኃኒት ፕሮግራም ሁለት ቡድኖች ይሠሩት ነበር፤ አንዱ ሰበታ፣ ሌላው ሱሉልታ። የሰበታዎቹ እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ የሚያስቀምጡት ኤስቪኤን በሚባለው የድሮ መመዝገቢያ ሲሆን፣ የሱሉልታዎቹ ደግሞ ጊት በሚባለው አዲሱ ነው። ሁለቱ ስለማይግባቡ ኮዱ በፍላሽ፣ በሚኒባስ ይመላለሳል። ተመላላሿ እኔ ነበርኩ። በጥቅምት የሱሉልታ መንገድ የታጨደ ሣር ሲሸት ደስ ይላል፤ ሰበታ ስገባ ደግሞ የፋብሪካው ጭስ ይቀበለኛል።

አንድ ቀን ሁለቱም ቡድኖች ያንኑ አንድ ፋይል ነክተው ኖሮ፣ የሱሉልታው በላዩ ሲገለበጥ የሰበታው ተደመሰሰ። የጠፋው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የሚያግደው ክፍል ነበር። አንዲት ነርስ ጠርሙሱን ገልብጣ ቀኑን ባታይ ኖሮ ሕፃን ሊጠጣው ነበር። አለቃችን ደንግጦ «ከእንግዲህ ፍላሽ የለም፤ ሁለቱን አገናኙልኝ» አለ። ሥራው ለኔና ለሰበታው ቡድን አንጋፋ፣ ለኦቦ ደቻሳ ተሰጠ።

እሳቸው ከቤት ያመጡትን ጭኮ እየቆረስን አገናኙን ፕሮግራም አስነሳነው። የድሮውን ለውጥ ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ እያነበበ፣ ከሠራው ሰው ስም ጋር ወደ ጊት ያሻግራል። ታዲያ ገና ሲጀምር ቀጥ አለ። ሌኒ የሚባል ሰው አላውቅም፣ ሙሉ ስሙን ስጡኝ ይላል።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ሌኒ ማን ነው? ያውቁታል?»

በእጃቸው የያዙትን ጭኮ መልሰው አስቀመጡ። «ነው አይደለም፣ ናት። ሌንሴ ናት። ይህን ፕሮግራም ብቻዋን የጀመረችው እሷ ናት። አንቺ ሳትመጪ ታማ አረፈች።»

«እንግዲያው ያልታወቀ ብዬ ልለፈው?»

«ያ ዋቃ! እንዴት ተደርጋ ያልታወቀች ትሆናለች? ጻፊ፣ ከነአባቷ ስም።»

ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ቁልፉን ስጫን የሌንሴ ሥራ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። በየለውጡ ሥር አጭር ማስታወሻ ትታለች፦ «ጊዜው ያለፈበት እንዳይሰጥ አገድኩ።» «ስህተቱ ተገኘ፣ እሰይ!» «ዛሬ ደክሞኛል፤ ቀሪውን ነገ።» ከዚህኛው በኋላ ስሟ አልመጣም። ተከትሎ የመጣው የደቻሳ ስም ነበር።

ወዲያው ከሱሉልታው ቡድን አንዱ ደወለ። «ደረሰን! ሁሉም ደረሰን! ግን ሌንሴ የምትባለው ማን ናት? ኮዷ እንዴት ያምራል!» ኦቦ ደቻሳ ስልኩን ተቀበሉኝና በኦሮምኛ ስለ እሷ ያወሩለት ጀመር። አንዴ ሲስቁ፣ አንዴ ድምፃቸው ሲቆራረጥ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበታ የተጻፈው ሱሉልታ፣ ሱሉልታ የተጻፈው ሰበታ ሳይጎድል ይደርስ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ማሻገር ወጣቶቹ ሻይ ሳይበርድባቸው ይጨርሱታል። እኔን ግን እስካሁን የሚደንቀኝ ፍጥነቱ አይደለም። ስሜት የሌለው ማሽን፣ ኮዱን የሠራችው ማን እንደሆነች ሳላውቅ አልሄድም ብሎ መቆሙ ነው። እኔ ሰው ሆኜ ግን «ያልታወቀ» ብዬ ላልፋት ተነስቼ ነበር።