ጥላዬን ወይስ ግንዴን

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን ኩታበር አያቴ ቤት አሳልፍ ነበር። መግሪብ ተሰግዶ ኩራዙ ሲለኮስ፣ የወይራ ፍሙን ከብበን ተረት እንጠብቃለን። አያቴ አናጢ ነበሩ፤ ተረታቸውም እንደ ሥራቸው ትርፍ ነገር አልነበረውም። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ደጋግመን የምናስነግራቸው አንድ ተረት ነበር። አንድ ሰው ለቤቱ ምሰሶ ጥድ ሊቆርጥ ሲሄድ ዛፉ «ወይ ጥላዬን ውሰድ፣ ወይ ግንዴን ውሰድ፤ ሁለቱን ግን አልሰጥህም» ይለዋል። ሰውዬው ግንዱን ወሰደ። ቤቱ አማረለት፤ በጋ ሲመጣ ግን ምሰሶውን አቅፎ ጥላ ሲለምን ኖረ። በሞኝነቱ በሳቅ እንፈርስ ነበር፤ ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ።

አድጌ ቤት ነዳፊ ሆንኩ፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ቢሮ ከፈትኩ። አምና የአያቴ ቤት ሲያዘም ዘመናዊ የእንጨት ቤት ነደፍኩላቸው። በረንዳውን ደጃፋቸው ወዳለው ትልቅ ጥድ አዞርኩት፤ መስኮቱም ቅርንጫፎቹን እንዲያይ አደረግኩ። ከዐስር ሶላት በኋላ የሚቀመጡት እዚያ ጥድ ሥር ነበር። ንድፉን ሳሳያቸው ጣታቸውን ዛፉ ላይ አሳርፈው «ይህ ካለልኝ ምን ጎደለኝ!» አሉ።

ቤቱ እስኪያልቅ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ሰነበቱ። በመሃሉ ያስመጣነው የባሕር ዛፍ ምሰሶ እርጥብ ኖሮ ተሰነጠቀ። ዝናቡ ደርሷል፣ ጣሪያው አልተመታም። ቤቱን የሚሠራው አናጢ ደወለልኝና «ጥድ እንደዚህ አያስቸግርም፤ የደጃፉን ብንጥለውስ?» አለኝ።

«ቁረጠው» አልኩት። ስልኩን ስዘጋ እንኳ ተረቱ ትዝ አላለኝም።

አያቴ ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን እያደነቀ ነበር። እርሳቸው በባዶው ደጃፍ አልፈው ገቡ፤ ምሰሶውን ዳሰሱ፣ አሸተቱት። አናጢውን «እጅህ ይባረክ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የደከመ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ያኔ ምን ነበር እንደዚያ ያሳቀህ?»

ሰው ቤቱን ሲያደንቅልኝ አፍራለሁ። ከእነዚያ ምሽቶች ጆሮዬ ላይ የቀረው የራሴ ሳቅ ነው። በረንዳው ላይ ወንበር አለ፣ ጥላም አለ። አያቴ ግን ዐስር ሰግደው ሲያበቁ በርጩማቸውን ይዘው ይወጡና ጉቶው አጠገብ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ።