«አንድ ሰው» ሲል

ከአደጋው በኋላ ልጄ አፍ ላይ የቀረችው ቃል «አንድ ሰው» ብቻ ነበረች። ውሃ ሲጠማው «አንድ ሰው»፣ ትራሱ ሲቆረቁረው «አንድ ሰው»፣ ሲቆጣም እሷኑ። የታክሲ ረዳት ነበር፤ ከአዳማ መናኸሪያ ሞጆ ይጭናል። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሞጆ፣ ሞጆ! አንድ ሰው! ነመ ቶኮ!» እያለ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲጣራ ሳልፍ ሰምቼዋለሁ። መኪናው ሲገለበጥ ጭንቅላቱን ተመታ። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ንግግሩ ሄደ።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ነው ትምህርቱን የተውኩት፤ የጭንቅላትን ነገር አላውቅም። የማውቀው ፍርሃቴን ነው። አንዳንዴ ያቺን ቃል ሲል በሩን ያያል፣ ዓይኑ እዚያው ተተክሎ ይቀራል። እኔም አብሬው አያለሁ። ነፋሱ የሚያወዛውዘው መጋረጃ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ አንድ ቀን እኔ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ሰማችውና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንቺ፣ ይሄ ልጅ ሰው እየጠራ ነው።»

«ማንን ይጠራል?»

«እኔ ምን አውቄ! ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይወሰዳል እያለ እንዳይሆን። ጸበል ውሰጂው።» ደግሞ ቀልድ አስመስላ፣ «እኔን ግን አይቁጠረኝ በዪው፣ ገና ልጅ እድራለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መቀመጥ አቃተኝ።

ጸበልም ወሰድኩት። ሆስፒታል ንግግር የምታለማምድ ልጅ አለች ሲሉኝም ሄድን። ልጄን ትጠይቀዋለች፣ እኔ ቀድሜ እመልስለታለሁ።

«እናቴ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ» አለችኝ ፈገግ ብላ። «አይገምቱለት። ይጠይቁትና ይጠብቁት።»

«በምን አፉ ይመልሳል?»

«የጠፋበት ቃሉ ነው እንጂ ሐሳቡ አልጠፋም። አዎ ከሆነ አውራ ጣቱን ያንሳ፣ አይደለም ከሆነ ወደ ታች ይድፋው። ያቺን ቃል ምላሱ ስለለመዳት ነው የምትወጣው፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ማለቱ ነው።»

እቤት ሞከርነው። ውሃ? ተደፋ። ሻይ? ተነሣ። ስኳር ልጨምር? ተነሣ። ደግሜ ልጨምር? ፊቱን አጨማዶ ደፋው፤ ሳቅን።

በሩን እያየ ሲላትስ? ያንን መጠየቅ ፈራሁ። አዎ ቢለኝስ?

አንድ ከሰዓት ልብስ አጥቤ ስገባ በሩን እያየ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ይላል። ፊቱ በእንባ ርሷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አሞሃል?» ተደፋ።

«ሰው ነው?» ተነሣ። ዞሬ በሩን አየሁ።

«እዚህ ቤት ያለ ሰው?» ተደፋ።

«መኪናው ውስጥ የነበረ?»

ጣቱን አነሣና አላወርድም አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሾፌሩ ነግሮን ነበር፤ አንድ ሰው ጎድሎ ልጄ ሲጣራ ሮጣ የገባች ሴት ነበረች፣ በሩ አጠገብ አስቀመጣት። በአደጋው የሞተችው እሷ ብቻ ናት። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም ብለን እሱ ፊት አንሥተናት አናውቅም።

መርዶ በማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አዋቂ ሰው ነው የሚናገረው። እኔ እርጥብ እጄን በቀሚሴ እያበስኩ ብቻዬን ነበርኩ። ድናለች፣ አገሯ ገብታለች ልለው አፌ ላይ መጣ። ግን እሱ እየጠበቀኝ ነበር።

«ሞታለች፣ ልጄ።»

እንደገባው ራሱን ነቀነቀ። ብዙ አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ብሏት አያውቅም። በሩንም አያይም። ጎረቤቴ «እሰይ፣ ለቀቀው!» ትላለች። ሆስፒታል ያለችው ልጅ «ሐዘን ነው፣ ይጠብቁት። ጣቱ ይመልስ የለም እንዴ?» ትለኛለች። ይመልሳል። ሻዩንም፣ ዳቦውንም፣ ብርድ ልብሱንም ይመልሳል። ቤቱ ግን ጭጭ ብሏል። የቀረችውን አንዲት ቃል እኔ ወሰድኩበት ይሆን እላለሁ። ጓዳ ሳህን ሳጥብ ቧንቧውን እዘጋና ጆሮዬን አቆማለሁ፤ አስፋልቱ ላይ ረዳት ሲጣራ ልጄ መስሎኝ እየሮጥኩ እወጣለሁ።