ዶሮ ወጡ ላይ ያረፈው ማንኪያ

ባለቤቴ ኦስሎ በገባች በሦስተኛው ቀን ዶሮ ወጥ ሠራችልኝ። ተለያይተን የከረምነው ስምንት ዓመት ነው፤ እኔ አምስቱን ማሌዥያ ኳላ ላምፑር፣ ሦስቱን እዚህ፣ እሷ ሁሉንም ኮምቦልቻ። የሻንጣዋን ግማሽ የያዘው በርበሬ ነበር። ጃኬቷን ለበርበሬው ስትል ትታው መጣች፤ ደግነቱ ብታመጣውም ለዚህ አገር ብርድ አይሆንም ነበር። ያን ቀን ከከተማው ዳር ግሮሩድ ሰፈር ባለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ሽንኩርት ስታቁላላ ውላ፣ እኔ ከአውቶቡስ መንዳት ስመለስ ጠረኑ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ጫማዬን ያወለቅኩት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ገበታው ቀረበ። እሷ ቢስሚላህ ብላ ሳትጨርስ እኔ ተነሥቼ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩና ሳምባል ያለበትን ጠርሙስ አወጣሁ። አንድ ማንኪያ ሙሉ ዛቅ አድርጌ ዶሮው ላይ ጣል አደረግኩበት። ሳልቀምስ። ልማድ ነው፣ እጄ ነው ያጠፋው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን እጅ ብቻውን ማቀዝቀዣ አይከፍትም። ማንኪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መብላት ጀመረች። ወጡ ጨው በዝቶበታል። ድሮ እጇ ጨው አይስትም ነበርና ገረመኝ፤ አፌን ለመያዝ የሚበቃ ብልጠት ግን ተርፎኝ ነበር።

ሳምባልን ለማያውቀው ሰው የእነ ኢንዶኔዥያና የእነ ማሌዥያ አዋዜ ነው ብል ይቀላል። ቀይ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በድንጋይ ይወቀጣል፤ ሽሪምፕ ከሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ተፈጭቶ እንደ ሳሙና የደረቀ ቁራጭ ይገባበትና በዘይት ይጠበሳል። ሽሪምፑ እሳት ሲነካው የሚወጣውን ጠረን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሸተው፣ ጎረቤት ጫማ እያቃጠለ መስሎኝ በሩን ከፍቼ ነበር። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ማለት ለእኔ ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነበር።

ኳላ ላምፑር ውስጥ ክፍል የተጋራሁት ሰው ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት የመጣ ግንበኛ ነው። ስልሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ጢሙን በየቀኑ የሚያበጥር፣ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ አሥራ አንድ ዓመት ያስቆጠረ ሰው። በገባሁ በመጀመሪያው ዓርብ ከጁምዓ ስንመለስ እንቁላል ቀቀለ፣ ላጠ፣ ዘይት ውስጥ ጠበስ አደረገና በዚያ ቀይ ሳምባል ውስጥ ለወሰው። ሩዝ ላይ አድርጎ ሲያቀርብልኝ ዓይኔ ያየው ዶሮ ወጥ ነው። ቀይ መረቅ ውስጥ የተጋደመ እንቁላል ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል? አለቀስኩ፤ እሱ ቃሪያው መስሎት ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ አብረን እንሠራ ነበር። ሚስቴ በናፈቀችኝ ቁጥር የበላሁት የእሱን እንቁላል ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ሳላውቀው፣ ናፍቆቱ ከእሷ ወጥ ወደዚያ ጠርሙስ ቤቱን ቀየረ።

ኖርዌይ ስገባ ብሶ ቁጭ አለ። ሥራዬ ለሁለት የተቆረጠ ነው፤ ማለዳ እነዳለሁ፣ ለአራት ሰዓት ያህል ሄልስፊር አውቶቡስ ተርሚናል ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እነዳለሁ። ባልደረቦቼ ዳቦ በቡናማ አይብ ከወረቀት ሲፈቱ እኔ ሩዜን ፈትቼ ሳምባል አፈስበታለሁ። በኅዳር፣ ፀሐይ ለወጉ ያህል ብቅ ብላ በምትመለስበት ወር፣ ጆሮዬ ድረስ የሚያልበኝ እሱ ብቻ ነበር። ለሦስት ዓመት በእረፍት ቀኔ የሠራሁት ምግብ ያ ነው።

ከዶሮው ማግስት ጀምሮ ባለቤቴ አልጫ ትሠራልኝ ጀመር። ድንች አልጫ፣ ክክ አልጫ፣ ምስር አልጫ። ያ ሁሉ በርበሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሦስት ሳምንት አንዲት ቁንጣሪ አላየሁም። ምነው ስላት ጨጓራዬን ልትጠብቅልኝ እንደሆነ በትሕትና ነገረችኝ። ጨጓራዬን አሞኝ አያውቅም። ጠርሙሴን ለማውጣት አልደፈርኩም፤ ገበታውን ስናነሣ ሁለታችንም ደክሞን ነው፣ ምንም ሳንሠራ። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ሆና ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ሰውየው ሌላ ሰው ሆኗል፣ የማላውቀው ሰው ቤት ነው የገባሁት፣ ካልሆነ እመለሳለሁ እያለቻት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስምንት ዓመት ወረቀት ያባረርኩላት ሴት በአንድ ማንኪያ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

መፍትሔ ያልኩት የባሰ ነገር ሆነ። ጠዋት ስወጣ ጠርሙሱን ከነሳምባሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት፤ እንድታየው ነው እንጂ ከታች ወስጄ እጥለው ነበር። ስመለስ ጠርሙሱ ከነሳምባሉ፣ ከውጭ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተወልውሎ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። እሷም ከጎኑ።

«እህል ይጣላል እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ቤት እህል አይጣልም። ይልቅ ንገረኝ። ማን ናት?»

«ማን ናት ማለት?»

«ይህን ያስለመደችህ።»

በድካም ብዛት ሳቄ መጣ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። ስልሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ባለ ጢም ግንበኛ ነው አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ዓርቡ፣ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ለቅሶዬ፣ ውሃ ስለሰጠኝ። ስጨርስ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«እሱስ ሚስቱ ጋ ገባ?» አለች።

«ኔይ... እኔ እንጃ። ከመጣሁ በኋላ ስልኩ ጠፋብኝ።» በኖርዌጅኛ ነበር ያመለጠኝ።

«ኔይ አትበለኝ። አይ በል።»

አይ አልኳት። በዚያ ቀንም አልጫ በላን፤ ግን አብረን ከአንድ ሰሃን።

እሑድ እለት ሥራ አልነበረኝም። ስነቃ ስድስት እንቁላል ቀቅላ፣ ልጣ፣ ለዶሮ እንደሚደረገው ዙሪያውን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋ አስቀምጣለች። ና፣ ሥራው፣ ልየው አለችኝ። እኔ ቃሪያውን ወቀጥኩ፣ ሽሪምፑን እሳት አስነካሁ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ መስኮቱን ከፈተች፤ ግን ከወጥ ቤት አልወጣችም። ድስቱን ሳማስል አጠገቤ ቆማ ቀዩን ታየው ነበር። እኔ ገና ጊዜ ይቀረዋል ብዬ ሳስብ፣ በቃ አውጣው፣ ዘይቱ ተለየ አለች። እውነቷን ነበር። ግንበኛው ወዳጄም በዚያችው ቅጽበት ነበር ድስቱን የሚያወርደው፤ እኔ በአምስት ዓመት ያልገባኝን እሷ ቆማ አወቀችው።

እንቁላሉን ለወስነው። ያለ እንጀራ፣ ሩዝ ላይ አድርገን በላን። ቃሪያው ኃይለኛ ነበር፤ ዓይኗም አፍንጫዋም ፈሰሰ። ውሃ ልሰጣት ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ዶሮ የሠራሁ ጊዜ» አለች፣ «ስምንት ዓመት ሳልሠራ ቆይቼ ነው። በኢድም፣ በሰርግም፣ ሰው ሲለምነኝም አልሠራሁም። ካንተ ጋር ስገናኝ እሠራለሁ እያልኩ።»

ድስት ሙሉ ዶሮ ላይ ያንን ማንኪያ ስጥል ታየኝ። እኔ ናፍቆቴን በሌላ እንቁላል ሳስታግሥ እሷ የእሷን ከድስቱ ጋር ከድና ነበር የያዘችው። ይቅር በይኝ አልኳት።

«እጄ ጠፍቶብኝ ነበር» አለች። «ጨው በዝቶበት ነበር አይደል?»

ስምንት ዓመት በስልክ ሁሉ ደህና ነው፣ ሁሉ ጥሩ ነው ስንባባል ኖረናል። ደከመኝ።

«በዝቶበት ነበር» አልኳት።

ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ተነሥታ የበርበሬውን ቁም ሳጥን ከፈተች።