ጋቢ ውስጥ የቀረው እጅ

አባባ፣ ከልጅ ልጆችዎ መካከል ሥዕል የምሞክር እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰው መሣል ስጀምር እጅ አልሆንልኝ አለ። ስለዚህ የሣልኋቸውን ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው እከት፣ ከኋላቸው እደብቅ ነበር። ማንም አላስተዋለም። እርስዎ ግን የቀርቀሃ ቅርጫትዎን ቆሰበር ገበያ ሸጠው እኛ ቤት ጎራ ያሉ ዕለት ወረቀቶቼን አገላብጠው አዩና ጠየቁኝ።

«የአንቺ ሰዎች እጃቸውን የደበቁት ምን ሰርቀው ነው?»

ሳቄን ሳልጨርስ ቀኝ እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ቀርቀሃ ሲሰነጥቁ የተቆረጡበት ጠባሳ ከአውራ ጣትዎ ወደ መዳፍዎ ይወርዳል።

«በይ ይኸውልሽ። እያየሽ ሞክሪ።»

ሞከርሁ። ጣቶችዎ ካሮት መሰሉ።

«በዚህ እጅማ ቅርጫት አይሠራም» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር፣ ገና ጋቢዎን ሳያወልቁ እጅዎን ይዘረጉልኝ ነበር። አንድም ቀን አልተሳካልኝም።

ሲገንዙዎት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እጅዎ ከነጠባሳው በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ። «ቆዩ፣ አልጨረስሁም» ልላቸው ስል ጨርቁን አሰሩት።

ለተዝካርዎ ሥዕልዎን እንድሠራ ቤተሰቡ አዘዘኝ። ፊትዎን ሣልሁ። ጋቢዎን ሣልሁ። እጅዎ ላይ ስደርስ ጠባሳው በየት በኩል እንደሚታጠፍ ጠፋብኝ። ባደርግ ባደርግ እምቢ ሲለኝ ጋቢው ውስጥ ከተትሁት።

የመጣው ሰው ሁሉ «ቁርጥ እሳቸውን!» እያለ አለቀሰ። እጃቸውን የደበቁት ምን ሰርቀው ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።