ሰንጢዬን ያሳሳሁበት ፋሲካ

ሰንጢዬን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ለሚ ኩራ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ስዘረጋ ኬብል የምልጠው፣ ካርቶን የምከፍተው፣ በምሳ ሰዓት ብርቱካን የምቆርጠው በእሷ ነው። ጎኗ ወፈር ያለ ስለሆነ በአውራ ጣቴ ብጫናትም አትሸራረፍም። አብረውኝ የሚሠሩት ወንዶች ሊዋሷት ሲመጡ፣ ባልሽን አውሺን ያሉኝ ያህል ነው የምቆጣው።

ባለፈው ሁዳዴ ማብቂያ ላይ ግን ይህችኑ ሰንጢ ይዤ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ቢላ የሚስል ሰው ዘንድ ሄድኩ። ምክንያቱ አባቴ ነው።

በሰፈራችን በሳሊተ ምሕረት፣ ያለ አባቴ ቅርጫ አይታረድም ነበር። ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ማየት ብቻውን ያጠግባል። የመንጋጋ ጥርሶቹ ከረገፉ ወዲህ ግን በፋሲካም ሽሮ ይቅረብልኝ ማለት ጀመረ፤ ሥጋ አስጠልቶኛል ይላል። ውሸቱን ነው፤ ዓይኑ ከሥጋው ላይ አይነሳም። ክትፎ እንሥራልህ ስንለው፣ ተከትፎ የሚሰጠው ለታማሚ ነው አለ። እናቴ ሥጋውን ስስ አድርጋ ልትቆርጥለት ብትሞክር፣ ሰው የቆረጠለትን የሚበላ ሕፃን ነው ብሎ ተነስቶ ሄደ። የቤታችን ቢላዎች ደግሞ ሥጋውን ይጎትቱታል እንጂ አይቆርጡትም። አዲስ ገዝቼ ነበር፤ ብረቱ ልፍስፍስ ሆኖ ወዲያው ዶለዶመ። ጥሩ ብረት ያላት የኔዋ ሰንጢ ብቻ ናት። በገዛ እጁ አሳስቶ የሚቆርጥበት ካላገኘ ዘንድሮም ሽሮውን ይዞ ጥግ ሊቀመጥ ነው፤ ይህን ደግሜ ማየት አልፈለግኩም።

ሰውዬው ፊት የሥጋ ቤት ቢላ ተከምሯል። ሰንጢዬን አገላብጦ አየና ለምን እንደምፈልጋት ጠየቀኝ። ለኬብልም ለቁርጥም አልኩት። ሳቀብኝ። ለኬብል ከሆነ ጎኗ እንዳለ ይቆይና የስለቷ ጠርዝ ብቻ ይሳል፣ ለሥጋ ከሆነ ከጀርባዋ ጀምራ እስከ ስለቷ እየሳሳች ትውረድ፣ ያኔ ግን ሽቦ ከነካች ትሸራረፋለች አለኝ። መሃል ላይ የሚሆን የለም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። ግማሿን ወፍራም ግማሿን ስስ አድርግልኝ እስከማለት ደረስኩ።

«እህቴ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለኝ። «አንዱን ምረጪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ከኋላዬ አንድ ሥጋ ሻጭ ቢላዎቹን ታቅፎ ያጉረመርማል። አሳሳት አልኩ። ድንጋዩ ላይ ሲያስኬዳት ማየት ስላልቻልኩ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ሲጨርስ ወረቀት ላይ ሞከራት፤ ድምፅ ሳታሰማ አለፈች።

የፋሲካ ለት ረፋዱ ላይ ሥጋው ቀረበ፤ የአባቴም ሽሮ ቀረበ። ሰንጢዬን ከፍቼ ከሽሮው አጠገብ አስቀመጥኩና ስለ ጎረቤት ሠርግ ማውራት ጀመርኩ። እናቴም ነገሩ ገብቷት አብራኝ ታወራለች። አባቴ ሰንጢዋን አነሳ፤ ስለቷን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሻኛውን ሳብ አድርጎ ጫፉን በፊት ጥርሶቹ ያዘና ከንፈሩ ሥር ሸርተት አደረጋት። ሥጋው አልተጎተተም። አላመጠ፣ አላመጠ፣ ዋጠ።

ወሬያችን ቆሞ ኖሯል። እሱ ሁለተኛውን አዋዜ ውስጥ እየነከረ ነበር። ትንሽ ቆይቶ በሬውን መሳደብ ጀመረ፦ ያረጀ ነው፣ የመረጠው ሰው ዓይን የለውም፣ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ። ያ የማውቀው አባቴ ተመልሶ መጣ። ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝና ሽሮውን ጎትቼ ራሴ በላሁት። እናቴ፣ ጾም ተፈትቶ ሽሮ የምትበላ ልጅ ወለድኩ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ፣ ነገ ሥራ ስለምገባ ሰንጢዬን እንዲመልስልኝ ጠየቅኩት። በሶፍት ጥርግ አደረጋት፤ ቀስ ብሎ አጠፋት።

«እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም» አለና ኪሱ ከተታት።