ማንጎ የማያውቀው የኮምፒውተር መምህር

እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ። ማንጎ የማውቀው ጁስ ቤት ነው፤ ተፈጭቶ፣ በብርጭቆ ተሞልቶ፣ ማንኪያ ተሰክቶበት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። መርሳ ተመድቤ ስመጣ ከተማዋ ዙሪያዋን ፍራፍሬ እንደሆነች አይቻለሁ፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከማንጎ ማሳ ተነስተው እንደሚመጡም አውቅ ነበር። አንዳቸውንም ግን ስለ ማንጎ ጠይቄ አላውቅም። ምን ብዬ ልጠይቅ? መምህሩ እኔ ነኝ እኮ።

የማስተምረው ኮምፒውተር ነው። በዚያ ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ስለ ሮቦትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መግቢያ ትምህርት እንድሰጥ ተነገረኝ። ያሉን ኮምፒውተሮች መብራት ሲኖርም አኩራፊዎች ናቸው፤ ስለዚህ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ጨዋታ ፈጠርኩ። በዚያው ሰሞን ወልድያ ላይ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ተዘጋጅቶ ነበር። ልጆቹ በገዛ እጃቸው ሮቦት ገጣጥመው ያስኬዳሉ ተባለ። ከእኛ ትምህርት ቤት የሚሄደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ መራጩም እኔ ነኝ። በጨዋታው ያሸነፈ እንደሚሄድ ለክፍሉ ተናገርኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሮቦት የሚለው ቃል ሲነሳ ከወንበሯ ብድግ የምትል አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ማንጎ ያለማል። እሷ ደግሞ ከተበላሸ ቴፕ ውስጥ ሞተር አውጥታ ትንሽ ማራገቢያ ሠርታ አምጥታ አሳይታኛለች። ሥልጠናው ከተነገረ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሦስት ጊዜ አስቁማ፣ ወልድያ ያሉት ሮቦቶች የሚሄዱት በጎማ ነው ወይስ በእግር ብላ ጠይቃኛለች። ሦስቱንም ጊዜ ስትሄጂ ታይዋለሽ አልኳት። እውነትም የምትሄደው እሷ ትመስለኝ ነበር።

የጨዋታው ቀን ከገበያ የገዛሁትን ማንጎ በማዳበሪያ ይዤ ገባሁ። ማሽን ከራሱ ምንም አያውቅም፣ የሚያውቀው እኛ ያሳየነውን ምሳሌ ብቻ ነው ብዬ አስረዳሁ። ከዚያ ሁለት ካርቶን አስቀምጬ ቢጫ ቢጫውን የበሰለ፣ አረንጓዴ አረንጓዴውን ያልበሰለ እያልኩ ከተትኩ። አሥር ምሳሌ አሳየኋቸው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ በተራው ማሽን ይሆንና ሌላ አሥር ማንጎ ይለያል።

ተራዋ ሲደርስ አንድ ባንድ እያነሳች በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ ከቅርንጫፉ የተቆረጠበትን ጫፍ አሸተተች። ሦስት አረንጓዴ ማንጎ የበሰለው ካርቶን ውስጥ አስቀመጠች። እኔም ሰሌዳው ላይ ሦስት ኤክስ ጻፍኩባት።

«ቲቸር፣ እነዚህ እኮ በስለዋል» አለች ቀስ ብላ። «ይኼ ዝርያ ሲበስልም ቢጫ አይሆንም። አንዱን ቆርጠው ይዩት።»

ቢላዋ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ ማንጎ መቁረጥ የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን አርባ ልጅ ፊት ማንጎ ልታስተምረኝ የተነሳች መሰለኝና ደሜ ፈላ። ማሽን ደግሞ አፍንጫ አለው እንዴ አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔንም ደስ አለኝ፤ ይኼን መካድ አልችልም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ አፍንጮ ይሏት ጀመር።

ከእሷ በኋላ የተነሳው ልጅ ጨዋና ታዛዥ ነው። ቀለሙን ብቻ እያየ፣ ልክ እኔ እንዳሳየሁት፣ አሥሩንም ለየልኝ። አሥር ከአሥር ሰጠሁት፤ ሙሉ ያገኘ እሱ ብቻ ስለነበር አሸናፊው እሱ ሆነ።

ምሳ ሰዓት ላይ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለቆየ ከሦስቱ ማንጎዎች አንዱን ቆረጥኩት። ልጣጩ ቅጠል መስሎ ውስጡ እንደ ዱባ ቢጫ፣ ጭማቂው ጠረጴዛው ላይ የሚፈስ። ክው አልኩ። ሁለተኛውን ቆረጥኩ፣ ሦስተኛውንም። ሁሉም በስለዋል።

የአሸናፊውን ስም የጻፍኩበት ወረቀት ገና ኪሴ ውስጥ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሄጄ ተሳስቻለሁ ማለት ነበር፣ በቃ። እኔ ምን አደረግሁ? ሦስቱንም ማንጎ እንደቆምኩ በላሁት። እየጣፈጠኝ ነው የበላሁት፣ ይኼ ነው የሚያሳፍረኝ። ልጣጩንና ፍሬውን በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጠቅልዬ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩ። እጄን ታጥቤ ቢሮ ገባሁና የዚያን ታዛዥ ልጅ ስም ሰጠሁ።

ለምን ብትሉኝ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ መርሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ ልጆች ናቸው፤ ማንጎ ሥር ነው ያደጉት። ማንጎ የማይለይ ብለው ዓመቱን ሙሉ እንደሚቀልዱብኝ ታየኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። አንዲት ልጅ የለፋችበትን የወሰድኩባት እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው።

አርብ ዕለት አባቷ መጣ። ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሰላሙ አለይኩም አለኝና አንድ ፌስታል ማንጎ አቀበለኝ። ማንጎው አረንጓዴ ነው። የከተማ ሰው ስለሆንኩ እንዳልሳሳት አስቦ፣ ቀለሙ አያታልልዎት፣ ደርሷል፣ ዛሬውኑ ይብሉት አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ እንዳይታዘቡን። ልጄ ማንጎ መለየት አቅቷት ዕድሉ እንዳመለጣት ነግራኛለች። አንቱማ ምን ያድርጉ። ማንጎ ሥር አሳድገን ይኼን ያላስተማርናት እኛ ነን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ልጁ ወልድያ የሚሄደው ሰኞ ነው፤ ስም መቀየር አሁንም ይቻላል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ምንም አይደል አባቴ፣ ቀስ በቀስ ትለምዳለች» አልኩት።

አላህ ይስጥልኝ ብሎ መርቆኝ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወልድያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ፤ ምንም የማይለውጥ ድፍረት። ልጅቷን በእረፍት ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ጠርቼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማንጎዎቹ በስለው ነበር አልኳት። አውቃለሁ ቲቸር አለች። አባትሽን ታዲያ ለምን አቃተኝ አልሻቸው ብላት፣ መምህር ተሳሳተ ብትላቸው እንደማያምኗት ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለልጆቹም ይነግሩልኛል?»

«ነገ» አልኳት። ስናገር ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ትምህርቱ የሮቦት የስሜት ሕዋሳት ነበር። ካሜራው ዓይኑ ነው፣ ማይክሮፎኑ ጆሮው ነው እያልኩ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ አፍንጫስ?» አለ። ክፍሉ ወደ እሷ ዞሮ ሳቀ። እሷ ወደ ማንም አልዞረችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እኔን ብቻ አየች፤ አሁን ይናገራል ብላ ነው።

የመምህሩ መምሪያ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ሽታ የሚለይ መሣሪያ እንዳለ፣ ፍራፍሬ መብሰሉን ሳይቀር አሽትተው የሚያውቁ ማሽኖች እንዳሉ በግልጽ ተጽፏል። ማታውን አንብቤዋለሁ።

እሱ ገና ነው፣ በኋላ እንደርስበታለን አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ያንን ገጽ ዘለልኩት። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ልጅቷ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አላወጣችም። ስም ስጠራ ብቻ አቤት ትላለች፤ እኔም ቀና ሳልል ምልክት አደርጋለሁ።