ክሰሱኝ ያለው ወታደር

ነቀምቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ እንደዚያ የቢላ ከተማ ወታደር ያንገሸገሸኝ ባለጉዳይ የለም። ኮንጎ ሰላም ሊያስከብር ዘምቶ መመለሱ ነው።

«ተከሳሹ ማነው?» አልኩት።

«እኔና አዛዦቼ። ኬላ ላይ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ገደልኩ፤ እነሱ ሸፋፈኑት።»

ጻፍኩለት። ፍርድ ቤቱ «የሌላ አገር ጉዳይ አያገባንም» አለ። ለጦሩ ጻፍኩ፤ «ሰላም አስከባሪ አይከሰስም» የሚል መልስ መጣ። ሰውየው ግን በየሳምንቱ ከች!

«ኧረ በቃህ! ማንም አልከሰሰህም፣ ቤትህ ግባ!»

«ኦቦ፣ የደሙን ካሳ፣ ጉማውን፣ ሳልከፍል ማን አብሮኝ ይበላል? ሽማግሌዎቹ ተቀባዩ የሟች ዘመድ ይምጣ አሉ። የእርስዎ ወረቀት ዘመዱን ከኮንጎ ያምጣልኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ሦስተኛውን ማመልከቻ ስጀምር ጠረጴዛዬ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብል ሰውየው የለም፤ ዘመዱ ሲመጣ እንዳስረክብለት የጉማውን ወይፈን ከጠረጴዛዬ እግር ጋር አስሮልኝ ሄዷል።